የሽልማት ቀን ንፍሮ
እዚህ ውጭ አገር የሴቶች ማኅበራችንን የሚመሩት እትዬ ዘነበች ሽልማት የሚባል ነገር አይወዱም። ካውንስሉ፣ ማለት የከተማው ምክር ቤት፣ «ጎበዝ መሪ» ብሎ ሊሸልማቸው እንደሆነ ከሰሙ ደግሞ ድርሽ አይሉም። ስለዚህ ሰንሻይን የሚባለውን አዳራሽ ቡክ አድርገን፣ ጠዋት ደወልኩላቸው። «እትዬ፣ ከሰዓት ለቅሶ አለ፤ ይድረሱ!» ለቅሶ ሲባሉ ማን ሞተ ብለው አይጠይቁም፤ መጀመሪያ ድስት ነው የሚጥዱት።

አዳራሹን በፊኛ አሸብርቀን፣ ከካውንስሉ የመጣችውን ፈረንጅ ፊት አስቀምጠን ስንጠብቅ፣ እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወየው! ወየው!» እያሉ ገቡ። ልጃቸው ከኋላ ትልቅ ድስት ሙሉ የለቅሶ ንፍሮ ተሸክማለች። እኛ እልል አልን። እትዬ ቀጥ አሉ። ፊኛውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«አንቺ፣ የሞተው ማነው?»

«ማንም አልሞተም እትዬ፣ ሊሸለሙ ነው።»

«ታዲያ ምግቡ የታለ?»

እርስ በርስ ተያየን። ለካ ሁላችንም ሌላዋ ታመጣለች ብለን ባዶ እጃችንን ነው የመጣነው፤ ድግስ ሲኖር ማን ምን እንደሚሠራ የሚያዙን እሳቸው ናቸው እኮ!

ምን ይደረግ፣ ንፍሮው ቀረበ። ፈረንጇ ወደደችው፤ ሁለተኛ ሳህን እየተቀበለች «ይሄ የሚበላው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለእትዬ ነገርኳቸው። ሽልማታቸውን እንደታቀፉ ገላመጡኝና፣

«መሪያቸውን ሳያማክሩ ሲደግሱ ነው በያት» አሉኝ።