የአክስቴ ከበሮ በሁዳዴ

አክስቴ ዘነበች አበሳጭታኝ ሞተች። ዕድሜዋን ሙሉ በየማኅበሩና በየንግሡ ከበሮ ስትመታ ኖራ፣ ሞቷን ሁዳዴ ላይ ታደርገዋለች? እሷ እኮ ከበሮውን አንዴ ስትነርተው፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ላይ የተሰጣ ልብስ ከገመዱ ይወርድ ነበር! በሁዳዴ ደግሞ እንደምታውቁት ከበሮ አይነካም። እኔ ግን ያለ ከበሮ አልቀብራትም ብዬ፣ የገዛ ከበሮዋን ተሸክሜ ቤተ ክርስቲያን ደረስኩ። መሪጌታው ገና ከሩቅ አዩኝ።

«አንተ ሰው፣ ጾም መሆኑን ረሳኸው?» አሉኝ።

«የኔታ፣ አንዴ ብቻ ልምታላት! እግዜር እንደሁ ያውቃታል፣ አይቆጣም።»

«እሱ ባይቆጣ እኔ አለሁ!»

ባሏ ጋሽ ደምሴ ይደግፉኛል ብዬ ዞር ብል፣ እሳቸው ባሱ። «ከበሮውን መልስ! በሁዳዴ ጠረጴዛ በጣቴ ሳንኳኳ እጄን በማማሰያ የምትለኝ ሴት ናት። ዛሬ አንተ ከበሮ ብትመታ ከሳጥኑ ወጥታ ነው የምትጠፈጥፍህ» አሉኝ። ከማን ጋር ልሟገት? ሟቿም ከእነሱ ወገን ሆነች!

ቀብረን ስንመለስ ከበሮውን ታቅፌ፣ ከጋሽ ደምሴ ጋር ባጃጅ ተሳፈርን። ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ከበሮው ከብረቱ ጋር ተላተመና «ድም!» አለ። ጋሽ ደምሴ አፈጠጡብኝ። «እኔ አይደለሁም፣ መንገዱ ነው!» ብዬ ማልኩ። ከዚያ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ ሹፌሩ ጠጋ አሉ፦ «ልጄ፣ እስቲ ጉድጓድ በበዛበት በኩል ንዳው።»