ከዋለ የደበቅኩት ካሴት

አባቶቼ ካህናት፣ የጨለለቂ ጎረቤቶቼ፣ ዝናቡን ሳትፈሩ ከአርጆና ከኑኑ ቁምባ የመጣችሁ ወገኖች፣ እጅ እነሣለሁ። ገለቶማ፣ ምስጋና ይድረሳችሁ። ሶረቲ እህቴ፣ ባለቤቱ አንቺ ሆነሽ ሳለ እኔ እንድናገር ስለፈቀድሽልኝ አመሰግናለሁ።

ተረፈ እባላለሁ። ዛሬ ከምንሸኘው ከዋለ ፀጉር ቤት ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ሌላ ፀጉር ቤት አለ። ባዶ ወንበር የማይጠፋበት። የዚያ ቤት ባለቤት እኔ ነኝ።

የሕይወት ታሪኩን ቀሲስ አንብበውላችኋል። ወላጆቹ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ እንደሰፈሩ ሰምታችኋል። እኔ የምናገረው ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውን ነው። እኔ በዋለ ቀናሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀናሁ።

በምኑ ቀናህ ትሉኛላችሁ? በቤቱ ነው? ቤታችን እኩል ነው። በመልኩ ነው? እሱን ሶረቲ ትፍረድ። እኔ የቀናሁት በአንደበቱ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርን። ዋለ ከሰፈራው ለትምህርት ነቀምቴ መጥቶ እኛ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበር። አጎቴ ደግሞ የአንድ እርሻ ፕሮጀክት ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበር። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ፈረንጁ መሐንዲስ አንድ ካርቶን የቪዲዮ ካሴት ትቶለት ሄደ። ሁለት የቆዩ ተከታታይ ፊልሞች ነበሩ። አንደኛው በከዋክብት መሃል ስለምትዞር መርከብና ስለ ሴት አዛዥዋ ነው። ሌላው በሩቅ ፕላኔት፣ በበረዶ ሥር ተቀብረው ስለቀሩ አርባ ሰዎች ነው። ሬዲዮናቸው ይጣራል፣ ይጣራል፣ የሚሰማቸው የለም።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአጎቴ የቪዲዮ ዴክ እናያለን። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባንም። ሰኞ ጠዋት ግን ዋለ ለክፍሉ ልጆች ይተርካል።

ካሴቱ የአጎቴ። ዴኩ የአጎቴ። ተራኪው ዋለ።

እኔ ሁሉንም በትክክል አውቅ ነበር። የመርከቧን ክፍሎች ቁጥር አውቃለሁ። የአርባዎቹን ሰዎች ስም አውቃለሁ። እኔ ስናገር ልጆቹ ያዛጋሉ። እሱ ግማሹን ተሳስቶ ሲናገር አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ። ይህ ፍርድ ነው?

የበረዶው ፊልም አንድ ካሴት ቀረው፤ የመጨረሻው። ዋለ ወላጆቹን ሊጠይቅ የሄደ ጊዜ ብቻዬን አየሁት። ሲመለስ ገና ቦርሳውን ሳያወርድ "ካሴቱስ?" አለኝ።

"ዴኩ በላው" አልኩት።

አልበላውም። ሣጥን ውስጥ፣ ከብርድ ልብስ ሥር ነበር። እኔ የማውቀው፣ እሱ የማያውቀው አንድ ነገር እንዲኖር ፈለግሁ። አንድ ብቻ።

ሰኞ ልጆቹ ከበቡት። "ሰዎቹ ምን ሆኑ?" አሉት። ዋለ አንገቱን ደፋ። አሁን ያፍራል ብዬ ደስ አለኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ምን አለ መሰላችሁ? "ሬዲዮው ሲጣራ የሰማ አለ" አለ። "መርከቧ ሰማችው።"

የትኛዋ መርከብ? የዚያኛው ፊልም መርከብ ናት። እንዲያው በአንድ አፍታ ሁለቱን ፊልም አገናኛቸው። አዛዥዋ በረዶውን ሰብራ ወረደች። ልጆቹ ጮኹ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋለ ማገናኘቱን አላቆመም።

አደግን። ሁለታችንም ቶንዶስ ያዝን፣ ፊት ለፊት ቤት ከፈትን። እዚህ ከቆማችሁት ውስጥ በዋለ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ "መርከቧ የት ደረሰች?" ያላላችሁ ማን ናችሁ? በኦሮምኛ ለጠየቀው በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ለጠየቀው በአማርኛ ይቀጥላል። የእኔ ቤት መስተዋት የእሱን በር ያሳያል። ቀኑን ሙሉ የማየው የእሱን ሰው ነው።

አንድ ቀን አልቻልኩም። ተሻግሬ ገባሁ። አግዳሚው ወንበር ሞልቷል። "ዋለ፣ መርከቧ የተሠራችው የበረዶው ሰዎች ከጠፉ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ነው። ሊገናኙ አይችሉም" አልኩት፤ በሰው ፊት።

ቶንዶሱን አጠፋ። "ልክ ነው። ይህን ተረፈ ከእኔ ይልቅ ያውቃል" አለ። ወደ ደንበኛው ዞረ። "ስለዚህ አርባዎቹ እዚያው አርጅተው አልፈዋል። መርከቧ ያገኘችው የልጅ ልጆቻቸውን ነው። ልጆቹ ሰማይ አይተው አያውቁም። ግን አያቶቻቸው እንዳስተማሯቸው በየጠዋቱ ሬዲዮውን ይከፍቱና ይጣራሉ።"

ከሰፈራው የመጡ አንድ አዛውንት ተቀምጠው ነበር። በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ስህተቱን ላጋልጥ ገብቼ፣ ከበፊቱ የተሻለ ታሪክ ሰጥቼው ወጣሁ።

ኦቦ ገቢሳ፣ እዚያ ቆመው አየሁዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና እናገራለሁ። ኦቦ ገቢሳ ራሳቸው ላይ አንዲት ፀጉር የለችም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከዋለ ቤት አይጠፉም። መንገድ ላይ አግኝቼ "ኦቦ፣ እዚያ ምን ይሠራሉ?" አልኳቸው። "ከልጅ ልጆቹ አንዷ የመርከቧን መካኒክ አግብታ የለ? በዚህ ሳምንት ትወልዳለች። ሳልሰማ ልቅር?" አሉኝ። ይኸው፣ ፀጉር የሌለውን ሰው ሳይቀር ወሰደብኝ።

ዘንድሮ የዋለ ኩላሊት ደከመ። ሐኪሞቹ ቤቱ ይረፍ ብለው መለሱት። ያን ጊዜ ካሴቱን ከሣጥን አወጣሁ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሄድኩ። ሶረቲ ወንበር ሰጥታኝ ወጣች። አልጋው ላይ አስቀመጥኩለት።

"ዋለ፣ ዴኩ አልበላውም ነበር።"

ጋዜጣውን ሳይፈታው ሳቀ። "አውቃለሁ። ሸዋጌጥ ያኔውኑ ነግራኛለች" አለኝ። ሸዋጌጥ እህቴ ናት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ያውቅ ነበር።

"ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?"

"ብትሰጠኝስ ብዬ ፈርቼ" አለ። "መጨረሻውን ካየሁት በኋላ ምን ብዬ እተርካለሁ?"

ጋዜጣውን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ "ተረፈ፣ መጨረሻቸው ምን ነበር?" አለኝ።

"ማንም አልመጣላቸውም" አልኩት። "ሬዲዮው ይጠፋል። እዚያ ላይ ያልቃል።"

እጄን ያዘ። "እና ይህን ብቻህን ይዘኸው ኖርክ?" አለኝ። "አንተ ልጅ፣ እንዴት ቻልከው?"

እኔ ክፋቴን ልናዘዝ ሄጄ ነበር። እሱ ግን አዘነልኝ። ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዋለ፣ አሁን ለአንተ ነው የምናገረው። ዛሬም ቀናሁብህ። ይህን ሁሉ ሕዝብ አይቼ ቀናሁ። ሶረቲ ስታለቅስልህ ሰምቼ ቀናሁ። በሬሳ ይቀናል ወይ? እኔ ቀናሁ።

ሌላም ልንገርህ። ደም ግፊት ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ቀድሜህ የምሄድ ይመስለኝ ነበር። እኔ ስሞት ዋለ ይናገርልኛል ብዬ ተማምኜ ነበር የምኖረው። ጨቅጫቃውን፣ የሰው ስህተት ሲፈልግ የሚውለውን ተረፈን፣ አንተ ብትተርከው ሰው ይወደው ነበር። እኔም ብሰማው ራሴን እወድ ነበር። አሁን ማን ይተርከኛል?

ደህና ሁን፣ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ። እግዚአብሔር ደጁን ከፍቶ ይቀበልህ። እኔ ስመጣ፣ ለሚጠይቁህ ሁሉ ስለ እኔ አንተ ንገራቸው። እንደፈለግህ አድርገህ ንገራቸው። አላርምህም።