ለወጌሻችን ለእታለም ያልነገርኳት

ተሰናባቿን ከማስለቀሴ በፊት እስቲ ጥበቃችንን ላሳጣው። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት እታለም ቦርሳዋን አንግታ ክለባችን በር ላይ ስትደርስ፣ «የተጫዋች ሚስቶች በኋለኛው በር ነው የሚገቡት» ብሎ መለሳት።

«ወጌሻ ነኝ» አለችው።

«ሴት ወጌሻ?» ብሎ ሳቀ።

እግሩን አየት አድርጋ፣ «ተረከዝህን እያመመህ ነው የቆምከው፤ ና ቁጭ በል» አለችው። ከዚያን ቀን ወዲህ በሩን የሚከፍትላት ሮጦ ነው።

እታለም እኮ በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ጎል አይታ አታውቅም! ሁላችን ኳሱን ስናይ እሷ እግር ነው የምታየው። ስታዲየሙ በጩኸት ሲናወጥ ጎኔን ጎሸም አድርጋ፣ «ማን አገባ? እኛ ነን እነሱ?» ትለኛለች። በረዶ ሲያዝለት የሚጮኸውንማ፣ «ምን ያስጮህሃል፣ አልወለድክ!» ነው መልሷ። መቀሷን የነካባት ደግሞ ወዮለት!

አሁን ሳቁን ልተወው። እታለም፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ልነግርሽ ያልደፈርኩት ነገር አለ።

የዋንጫው ጨዋታ ዕለት ጠዋት ጉልበቴን በሁለት ጣትሽ ዳሰስ አድርገሽ፣ «ያምሃል?» አልሽኝ።

«ኧረ ምንም!»

«በእናትህ?»

«በእናቴ።»

ፈቀድሽልኝ። ጨዋታው ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ጅማቴ ተበጠሰ። ከዚያ በኋላ ተጫውቼ አላውቅም።

ስምንት ወር ቤቴ እየተመላለስሽ እንደ ሕፃን ቆሞ መሄድ አስተማርሽኝ። አንቺ ግን ተለወጥሽ። አዲስ ወጌሻ በመጣ ቁጥር፣ «እኔ አንድ ልጅ አጥፍቻለሁ፤ የዛን ቀን እጄ ሳተ» ስትዪ አጠገብሽ ቆሜ እሰማለሁ።

እጅሽ አልሳተም፣ እታለም። አንቺ ጋ ከመምጣቴ በፊት መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሦስት የሕመም ማስታገሻ ውጬ ነበር። በእናቴ የማልኩት በውሸት ነው፤ ዋንጫው እንዳያመልጠኝ ብዬ። አሰልጣኝ ሆኜ፣ ልጆች ወልጄ እንኳ አፌን መክፈት አቃተኝ። ይቅር በይኝ።

ለጡረታሽ ገና ሁለት ዓመት ይቀርሽ ነበር። ግን ጣቶችሽ አብጠው ፋሻ መቅደድ ሲያቅታቸው ሁላችንም አይተናል። የኛን ጅማት ሲያሹ ነው ያለቁት። ነገ ጠዋት ያንን የሕክምና ክፍልሽን ማን ደፍሮ እንደሚከፍተው እንጃ።

በሉ ብርጭቆ አንሡ፣ ተነሡ። አንቺ ተቀመጪ፤ ዛሬ እኛ እንቁምልሽ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ እጆችሽን የልጅ ልጅ ማቀፊያ ያድርግልሽ። የዛን ቀን ሸክም ግን እዚሁ ለባለቤቱ ትተሽ ሂጂ።

ለጤናሽ፣ እታለም!