ሳይለካ የተሰፋው ጋውን

ያን ዕለት ዝናብ ባይጥል ኖሮ ይህ ነገር ባልተወራ ነበር። ከሥራ ወደ ቤቱ ሲያዘግም የነበረን አንድ ወጣት መምህር ዶፍ ዝናብ አባሮ ከልብስ ሰፊው ሱቅ በር ላይ ጣለው። ልብስ ሰፊውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሽ ሜትር» ይላቸዋል፤ ሜትር ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም፣ ሰው ሰላም ሲሉ እንኳ በዓይናቸው ትከሻውን ይለካሉ።

«ግባ እንጂ የኔ ልጅ፣ ምን ያስቆምሃል!» አሉና በርጩማ ሳቡለት።

መምህሩ አመስግኖ ተቀመጠ። ግድግዳው ላይ ላስቲክ ለብሶ የተሰቀለ ጥቁር የምርቃት ጋውን አየ። «የማን ትዕዛዝ ነው ጋሼ?»

«የልጄ!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ዘጠነኛ ክፍል እያለች የሰፋሁት ነው። በየዓመቱ ጠርዙን እየለቀቅሁ አስረዝመዋለሁ።» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ዘንድሮ ግን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ለጥቂት አመለጣት። ድገሚና ተፈተኚ ስላት፣ ቴክኒክ ኮሌጅ ገብቼ ኤሌክትሪክ ካልተማርኩ አለች። ምዝገባው ነገ ያበቃል። እኔ ካልፈቀድኩ እንደማትሄድ ስለማውቅ ዝም ብያታለሁ። ነገ ካለፈ አለቀ።»

የጋሽ ሜትር ተንኮል ይቺው ናት፤ እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ። በዝምታ ቀን መግፋት! ስንቱ አባት ልጁን በዚህ ዘዴ አስቀርቷል መሰላችሁ።

መምህሩ ፈገግ አለ። «እኔም የማስተምረው እዚያው ኮሌጅ ነው።»

«በል በል! የላከህ ዝናቡ ነው ወይስ እሷ?»

«ዝናቡ ነው ጋሼ፣ ሸሚዜን አያዩትም?»

ጋሽ ሜትር ሳቁ፤ ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «እንግዲህ አትቀየመኝ፤ የናንተ ኮሌጅ የወዳቂ ማጠራቀሚያ አይደለም እንዴ? ይህን ሁሉ ዓመት ተምራ ተምራ ፒንሳ ልትሸከም?»

«ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል። ግን ይፍቀዱልኝና፣ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ያወጣል፤ የሐኪሙን መሣሪያ የሚጠግነው፣ የውሃውን ፓምፕ የሚያስነሳው፣ ኮረንቲ ሰው ሳይገድል የሚዘረጋው ከየት ይምጣ? የመንግሥት ትምህርት ለሁሉም ልጅ ነው እያልን በሩን አንድ ብቻ ካደረግነው ምኑን ለሁሉም ሆነ? እኛ ጋ ነጥብ ያነሰው ብቻ አይደለም የሚመጣው። ወዶ የሚመጣ አለ፤ ሥራ ላይ ሆኖ ዕውቀት የጎደለውም ይመጣል። ከኛ ጨርሶ፣ ሠርቶ፣ ኋላ ዩኒቨርሲቲ የገባም አለ። መንገዱ አይዘጋባትም።»

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉ ጋሽ ሜትር፤ አነጋገራቸው ግን በግማሽ ልብ ነበር። ጥግ ላይ ጨርቅ ተከናንባ የቆመችውን ባለሞተር የስፌት መኪናቸውን ሰረቅ አድርገው አዩ። ሞተሩ ሲበላሽ አንድ «እኔ እችላለሁ» ባይ ፈታትቶ፣ መግጠሙ ሲያቅተው በፌስታል አስረክቧቸው ሄደ። እሳቸው እስከ ዛሬ በእግር የሚረገጠው መኪና ላይ ጉልበታቸውን ይጨርሳሉ።

«እና ጋውኑስ? ልፋቴ ሁሉ ሜዳ ይቅር?»

«እኛም ስናስመርቅ ጋውን እናስለብሳለን። ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም አይደል የሚባለው?» መምህሩ ተነስቶ ጋውኑን ዳበስ አደረገው። «ስፌቱ ግሩም ነው። ሲሰፉት ለክተዋት ነበር?»

ጋሽ ሜትር አንገታቸው ላይ ያለውን ሜትር ያዝ አደረጉ። ደንበኛ «በግምት ይቁረጡልኝ» ሲላቸው ከሱቅ የሚያባርሩ ሰው! ልጃቸውን ላስደንቃት ብለው ጨርቁን በዓይን ግምት ቆርጠውት ነበር። ከዚያ ወዲህ የነኩት ቁመቱን ብቻ ነው።

«እስቲ ነይ ልጄ!» ብለው ወደ ጓዳ ተጣሩ።

ልጅቱ መጣች፤ አጠለቁላት። ቁመቱ ልክክ አለ። ትከሻው ግን ወጥሮ ይዟት እጇን ማንሳት አቃታት።

«ደህና ነው አባዬ» አለች፣ እንዳይከፋቸው።

ለካ ይህች ልጅ ስንቱን ነገር «ደህና ነው» ስትለኝ ኖራለች አሉ በልባቸው።

«ምኑ ደህና ነው! አውልቂው፣ እፈታዋለሁ። አሁን እውነቱን ንገሪኝ፤ ኤሌክትሪክ ምን አሳየሽና ነው?»

«ሰውየው ሞተሩን በፌስታል ሲሰጥህ ፊትህን አየሁት፣ አባዬ። ያኔ ነው የወሰንኩት።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ አልደበቁትም። «ነገ በጠዋት አብረን እንሄዳለን» አሉ። ልጅቱ እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

ዝናቡ አባርቶ መምህሩ ሲሰናበት በሩ ላይ ቆም አለ። «ማታ ማታ ለልብስ ሰፊዎች የዲዛይን ትምህርት እንሰጣለን፤ በእርስዎ ዕድሜ ያሉም ይማራሉ።»

«እኔ? በዚህ ሽበት? ሂድ ወደዚያ!» አሉና ሳቁበት።

ምን ይሆናል፣ ሳቁ ብዙ አልቆየም። ልጅቱ ኮሌጁ ገብታ በመምህሯ እየታገዘች ሞተሩን አስነሳችው፤ የጋሽ ሜትር ጉልበትም አረፈ። የኮሌጁ ተማሪዎች ቱታ ማሰፋት ጀመሩ። «የወዳቂ ማጠራቀሚያ» ይሉ የነበሩ ጎረቤቶችም ልጆቻቸውን ይዘው መንገዱን ሊጠይቁ እሳቸው ዘንድ መጡ። እሳቸውም «መጀመሪያ ልጁን ጠይቁት» ይላሉ፣ ነገሩን ራሳቸው የፈለሰፉት ይመስል!

ልጅቱ ልትመረቅ ስትል ጋውኑን ፈትተው፣ በደንብ ለክተው እንደገና ሰፉት። እጇን ወደ ላይ አነሳች፤ አልያዛትም። ከዚያ ሜትሩን ከአባቷ አንገት ላይ ወሰደችና ከኋላቸው ቆመች።

«ቀጥ በል አባዬ» አለች ትከሻቸውን እየለካች። «የማታ ተማሪዎችም የሚመረቁት በዚያው ቀን ነው።»