ድንጋዩ ሲነሳ ፊት ለፊቱ አትቁሚ

ነይ ግቢ ራይና፣ ነይ። ጫማሽን እዚያው በሩ ላይ አራግፊው። ይሄ ዝናብ ዘንድሮ ምን ነክቶታል? የፕለም ለቀማው ካለቀ ወዲህ አንድ ቀን እንኳን አባርቶ አያውቅም፤ ኦሳም ወንዝም እንደሆነ ሞልቶ ድልድዩን ሊነካ ነው። እናትሽ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? የሹራብ ፋብሪካው ተዘጋ ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት አንቺን ነው። አይዞሽ፣ መርፌ የለመደ እጅ መሮም ይለምዳል። እትዬ ቬሊካ በይኝ፤ እዚህ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ። ይሄ የእንጨት ቶርኖ የኔ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሳህንና ዋንጫ አውጥቼበታለሁ፤ ከዚህ ሌላ የትም ሠርቼ አላውቅም።

የወርክሾፑን ባለቤት ሰላም አልሻቸው? እዚያ ምድጃው አጠገብ ጋዜጣቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ተያቸው፣ አንረብሻቸውም። አዲስ ሰው ስለት ማውጣት ሳይማር ቶርኖ አይነካም የሚል ደንብ አለን። ከመቼ ጀምሮ? ኧረ ገና አምና ነው የወጣው! ደንብም እንደ ልጅ ነው፤ አንዳንዱ አምጦ አምጦ፣ ሰው ጎድቶ ይወለዳል... ድምፄ ከፍ ካለብሽ ይቅርታ፣ የመሳያ ድንጋዩ ጩኸት ጆሮዬን ወስዶታል። ጋዜጣ የሚያነብ ሰውም ይሰማኝ ይሆናል። ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ይሄን ያዢልኝ። የሚፈራው የደነዘ መሮ ነው እንጂ የተሳለ አይደለም። የተሳለው እንጨቱን ይላጫል። የደነዘውን ግን ትገፊዋለሽ፣ ትገፊዋለሽ፣ ድንገት እንጨቱን ይነክስና ከእጅሽ ይወረወራል። ሰውስ እንደዚያው አይደል? ስለታም ሰው የት ጋ እንደሚቆርጥሽ ታውቂያለሽ። ደነዝ ነው... እንግዲህ ተይው።

ሻርፕሽን አውልቂ። እጅጌሽን ሰብስቢ፣ ፀጉርሽን እሰሪ። ጓንት? ጓንት እዚህ ጋ የለም! ድንጋዩ የጓንቱን ጫፍ ካገኘ እጅሽን ጨምሮ ነው የሚጎትተው። መነጽሩን አድርጊ። አየሽ፣ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ማንንም ሳትለምኚ እጅሽን ሰደድ አድርገሽ ታወርጂዋለሽ። ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ።

ከወንዙ ማዶ አንድ ወርክሾፕ አለ፤ አንቺ አታውቂውም። ባለቤቱ ምን ያሉ የተከበሩ ሰው መሰሉሽ! ስማቸውን አልጠራም፣ እኔ ሐሜት አልወድም። ለዕቃ ሲያዝኑ ነው ማየት። የሥራ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ሲባል አራት አዳዲስ መነጽር ገዙ። ተቆጣጣሪዋ አይታ እንደወጣች ሰብስበው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉባቸው። ለምን? እንዳይጫጫሩ ነዋ! ቁልፉንም አንገታቸው ላይ ከመስቀላቸው ጋር አንጠለጠሉት። እስቲ ንገሪኝ፣ ለመነጽር እንዲህ የሚያዝን ሰው፣ ለዓይን ቢሆን ምን ያህል ያዝን ይሆን?

ነይ፣ ወደ ድንጋዩ ጠጋ በይ። አዲስ ድንጋይ ከመግጠምሽ በፊት እንዲህ በጣትሽ አንጠልጥለሽ በእንጨት እጀታ ቀስ ብለሽ መታ መታ ታደርጊዋለሽ። ስሚ... ጥርት ያለ ድምፅ። ይሄ ጤነኛ ነው። ጉንፋን እንደያዘው ሰው ድፍን ያለ ድምፅ ካወጣ ግን ውስጡ ተሰንጥቋል። ስንጥቁን በዓይንሽ አታዪውም። ላዩ ያምራል፣ ግርማ ሞገስ አለው፣ ሲያዩት የተከበረ ነው... ድንጋዩን እኮ ነው የምልሽ።

እኚያ ሰው ታዲያ ድንጋይ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አመጡ። ከልኩ በላይ ትልቅ ስለሆነ የብረት ሽፋኑ ውስጥ አልገባ አለ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ? ድንጋዩን ትመልሻለሽ። አየሽ፣ ለዚህ ነው ባለ ወርክሾፕ ያልሆንሽው! እሳቸው ሽፋኑን ፈትተው ጣሉት። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ሲባል ሰምተሻል አይደል? እውነት ነው። ሁለት ያለው ግን... ሁለት ያለው በሰው ዓይን ይጫወታል።

እዚያ ዶንኮ የሚባል ሠራተኛ ነበር። ቀጭን የራኪያ አረቄ ዋንጫ በማውጣት በዚህ ሸለቆ ውስጥ አቻ አልነበረውም፤ ዋንጫውን ወደ መስኮት ብታነሺው ብርሃን ያሳልፋል። ዶንኮ ድንጋዩን መታ መታ አድርጎ አዳመጠና፣ «ጌታው፣ ይሄ ነገር ድምፁ ድፍን ነው» አላቸው።

«ዘፈን እንዲዘፍንልህ አይደለም ያመጣሁት፤ መሮህን ሳልበት» አሉት።

«እሺ፣ ሽፋኑስ ቢመለስ?»

«እናትህ በጥጥ ጠቅልላ ነው እንዴ ያሳደገችህ?»

ጨዋታ አዋቂ ናቸው እኮ! ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ የሳቅሁት እንዲያውም እኔ ሳልሆን አልቀርም። «እትዬ ቬሊካ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ከዚህ ንቅንቅ ካላልሽ እዚያ መቼ ሠራሽ?» ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ።

አሁን የድንጋዩን ማስነሻ ቁልፍ ልትጫኚ ነው። ቆይ! ፊት ለፊቱ አትቁሚ። በጎን ሁኚ፣ እንዲህ። ተጫኚውና ለአንድ ደቂቃ ባዶውን ይዙር፣ ምንም አታስነኪው። ሊሰበር ያሰበ ድንጋይ ብዙውን ጊዜ ሲነሳ ነው የሚሰበረው። አንድ ደቂቃ ምን አላት? አንድ አባታችን ሆይ ብትደግሚ ታልቃለች።

ዶንኮ ያቺን ደቂቃ አላገኛትም። ለቅዱስ ዲሚታር በዓል ገበያ ሳምንት ነው የቀረው፤ ከኋላው ቆመው «በል ቶሎ! በል ቶሎ!» የሚሉት እኚያ ወዳጅ ነበሩበት። የቸኮለች ጅብ ቀንድ ትነክሳለች ይባላል አይደል? እዚያ ግን የቸኮለው ሌላ፣ የተነከሰው ሌላ።

ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ድንጋዩ ሲፈነዳ ጣሪያው የወረደ ነው የመሰለኝ። አንዱ ስባሪ ግድግዳው ውስጥ ተቀረቀረ። ዶንኮ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘና፣ ቀስ ብሎ፣ «ቬሊካ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?» አለኝ።

...ቆይ፣ መሮውን ውሃ ውስጥ ንከሪው። ጋለ። ሰማያዊ ከሆነ ስለቱ ሞተ ማለት ነው።

እኚያ ሰው ያኔ ያሳዩትን ቅልጥፍና ግን ልመሰክርላቸው ይገባል። ማንም ሳያዛቸው ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ወደ ቁም ሳጥኑ ሮጡ። ፋሻ ሊያወጡ ነው ብለን ነበር። መነጽሮቹን አውጥተው ሚስማር ላይ ደረደሯቸው። አራቱንም! አምቡላንሱ ገና ድልድዩን ሳይሻገር! እንዲህ ለደኅንነት የሚሮጥ አለቃ ከየት ይገኛል?

ደግሞ አልረሱትም። በሦስተኛው ቀን የወይን ዘለላ በቅርጫት ይዘው ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሞቹ ደህናውም ዓይን ይረፍ ብለው ሁለቱንም አሽገውታል። «ለሕመም ፈቃድህ ነው ዶንኮ፣ እዚህ ጋ ፈርም» አሉና እጁን ይዘው ብዕሩን መሩለት። የታመመ ሰው እጅ የሚይዝ ስንት አለ? ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ታዲያ፣ መነጽር ሲሰጠኝ እምቢ ያልኩት፣ ሽፋኑንም የፈታሁት እኔው ነኝ የሚል ነበር። ብልህ ከጎረቤቱ፣ ሞኝ ከራሱ ይማራል ይላሉ። በጎረቤቱ እጅ የሚፈርም ብልህ ግን ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

ለምስክርም ቦታ ነበረው። አንዲት ሴት ፈረመች። የእሷን ስም ደግሞ ጮክ ብዬ እጠራልሻለሁ፦ ቬሊካ ትባላለች። አዎ፣ እኔ። «መነጽሩ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ» ብዬ ፈረምኩ። ውሸት ነው እንዴ? አይቻለሁ እኮ! መቼ እንደተሰቀለ የጠየቀኝ የለም። ባሌ ከሞተ ወዲህ እጄ ከዚህ ቶርኖ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም ራይና። ፈራሁ። ፍርሃት ደግሞ ጽሕፈቱ ያምራል።

የመሮውን መደገፊያ ወደ ድንጋዩ አስጠጊው... አሁንም ትንሽ። ክፍተቱ ከጥፍርሽ ውፍረት እንዳይበልጥ፤ ከሰፋ መሮሽን ጎትቶ ይውጠዋል። በግንባሩ ነው የምትስይው፣ በጎኑ አይደለም፤ በጎኑ ስትጫኚው ይሰነጠቃል። አትጫኚ፣ አስነኪው ብቻ። ጎበዝ! ጎበዝ እንጂ!

ወር ሳይሞላው ዶንኮ ቤቴ መጣ። የአይብ ባኒፃ ጋግሬ አቀረብኩ፣ ራኪያ ቀዳሁለት። እጁን ሰደደና ከዋንጫው አጠገብ ያለውን አየር ጨበጠ። አንድ ዓይን ርቀት አይለካም ለካ። ሳቀ። «እዪው፣ በገዛ እጄ የሠራሁት ዋንጫ እኮ ነው፤ ጌታውን ሸሸ!» አለ። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ፤ ያን ቀን ግን ሳቄ አልመጣም። ከዚያ ጠረጴዛውን እያየ፣ «ቬሊካ፣ አንቺ ነበርሽ። መነጽር ሰጥተውኝ ነበር እንዴ? እኔ ትዝ አይለኝም። ሌት ተቀን ባስበው ባስበው አልመጣልህ አለኝ። ምናልባት እውነትም ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለኝ።

ገባሽ? ዓይኑ አንሷቸው፣ ትዝታውንም ወሰዱለት። እኔም አብሬ ወሰድኩ።

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈርኩና ተቆጣጣሪዋ ጋ ሄድኩ። «ፈርሜያለሁ፣ ዋሽቻለሁም» አልኳት። ሴትየዋ የዶንኮን ወረቀትና የሆስፒታሉን መዝገብ ጎን ለጎን አደረገች። ፊርማው መስመሩ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር። ቀኑ ደግሞ ፋሻው ከመፈታቱ ከስድስት ቀን በፊት። ቀና ብላ፣ «ሁለት ዓይኑ የታሰረ ሰው እንዲህ ቀጥ አድርጎ ሲፈርም በዕድሜዬ አላየሁም» አለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እዚያ ወርክሾፕ ግን አውቶቡስ ካላሳፈሩት አልመጣም።

ከዚያማ ምን ይሆናል? ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ነው ተብሎ ተመዘገበ፤ ለዶንኮ ጡረታው ተከበረለት። እኔንም ስለዋሸሁ ገሠጹኝ፤ ደግ አደረጉ። ሽፋኑ ተመለሰ፣ መነጽሩም እዚህ ሚስማር... እዚያ ማለቴ ነው፣ እዚያ ሚስማር ላይ ወጣ። እኔን ለምን አላባረሩኝም? ደግ ስለሆኑ ነዋ! ተቆጣጣሪዋ በየወሩ ስትመጣ ገና ከበሩ «ቬሊካ አለች?» ማለቷም ሳይረዳኝ አልቀረም።

ዶንኮ አሁን ቤቱ ትንሽ ቶርኖ ተክሏል። በጣቱ ነው የሚያየው፤ ዋንጫው እንደ ድሮው አልቀጠነም፣ ግን ይቀጥናል። ያጠፋው እሱ እንዳልሆነ ያወቀ ዕለት፣ ሚስቱ እንደነገረችኝ፣ ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪነጋ ተኛ። ከእኚያ ሰው አንዲት ቃል ብቻ ይጠብቅ ነበር። እሳቸው ደግሞ ለጋስ አይደሉ? ቃሏን ለራሳቸው አስቀርተው ጥፋቱን በሙሉ ለእግዜር ሰጡ። «እግዜር ያመጣው ነው» ይላሉ፣ በሄዱበት ሁሉ። እግዜርም ችሎ ዝም ብሏል፤ ጠበቃ የለው!

በይ አጥፊው። እስኪቆም ድረስ እጅሽን አታስጠጊ፤ የጠፋ ድንጋይም ለጥቂት ጊዜ ይዞራል። እስቲ መሮሽን... ውይ፣ ፀጉር ይላጫል! እጅ አለሽ ልጄ።

ምነው ጌታው፣ ተነሱ? ጋዜጣው አለቀ? ወንበሩን ይተዉት፣ እኔ አነሳዋለሁ። ለእኚያ ለማዶው ሰው ያለኝን ምኞት ለራይና ልነግራት ነበር፤ አፍታ ቢቆዩ እርስዎም አሜን ይሉልኝ ነበር።

እኔ እንግዲህ ቂም የማይዘኝ ሰው ነኝ። የእኚያ ሰው አንድ ልጅ ባለፈው ሳምንት ፕሎቭዲቭ ከተማ ድንጋይ መቁረጫ ፋብሪካ ሥራ ያዘ አሉኝ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ትሑት ነው፣ በማንም ላይ ክፉ አልሠራም። እሑድ ለእሱ ብዬ ቤተ ክርስቲያን ሻማ አበራሁ። ከልቤ ነው ያበራሁት። እንዲህም ብዬ መረቅሁት፦ «ጌታ ሆይ፣ ይሄን ልጅ ጠብቀው። ዕድሜና ጤና ስጠው። በሰው አገር ብቻውን ነውና ደግ፣ የተከበረ፣ ሲታመም እጁን የሚይዝለት አለቃ ስጠው... ልክ አባቱን የመሰለ።»