ዘሩባቤል ሮክ ይወድ ነበር

የተከበራችሁ የእድራችን አባቶችና እናቶች፣ ከቦዲቲና ከቢጠና የመጣችሁ ዘመዶች፣ አንቺም የዘሩባቤል ባለቤት፣ እህቴ ቦሼ፣ ከነልጆችሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የደከመው ሣሩ ላይ ይቀመጥ፤ እኔ ትንሽ አወራለሁ። ጉልላት ነኝ፤ አናጺው። መነኸሪያው አጠገብ ያሉትን የዘሩባቤልን ሬዲዮ መጠገኛና የእኔን እንጨት ቤት የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። ወረቀት አልያዝኩም። ብይዝም ማንበቡ ከእናንተ ይልቅ እኔን ያደክመኛል።

አሁን ጸሐፊያችን ፋንታዬ የሕይወት ታሪኩን አነበበች። ጥሩ አነበበች። ትዳሩን፣ ልጆቹን፣ ቤተክርስቲያኑን፣ ሁሉንም ብላለች። መጨረሻ ላይ ግን "በትርፍ ጊዜው መዝሙር በማዳመጥ ይታወቅ ነበር" አለች። መዝሙር? ይወድ ነበር፣ አልካድኩም። እሁድ እሁድ ድምፁን ሰምታችኋል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መነኸሪያውን ያናውጠው የነበረውስ ምንድን ነው? እዚህ ከቆማችሁት ውስጥ በዚያ በር ሲያልፍ ጆሮውን ያልያዘ ማን ነው?

ሮክ ነበር። ሄቪ ሜታል ነበር። ፋንታዬ ልጄ፣ "ጋሼ፣ አደራ የዚያን ጩኸት ነገር እንዳያነሱ" ብለሽኛል። አነሳዋለሁ። ይህ ሰው ያልወደደውን ወደድኩ ብሎ አያውቅም። እኛም የወደደውን ደብቀን አንቀብረውም።

መጀመሪያ የሄድኩት ልጣላው ነው። ሱቁን በከፈተ ሰሞን ነው። በር እየላግኩ ነበር። ከቆርቆሮው ማዶ አንድ ሰው ይጮሃል፤ አያባራም። መላጊያዬን እንደያዝኩ ገባሁ።

"ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው? ጥርሱን ነው የሚያመው?" አልኩት።

አልሳቀም። በርጩማ ሳበልኝ። የካሴቱ አንደኛው ፊት እስኪያልቅ ማውራት ክልክል ነው፣ ካለቀ በኋላ ግን የተሰማህን ሳትሸነግል ትናገራለህ አለኝ። ሰማሁ። አለቀ። ዘፋኙ አይረባም፣ ከበሮ መቺው ግን ሥራውን ያከብራል አልኩት። ያኔ ሳቀ። ጊታሩስ አለኝ። ጊታሩ ብዙ ያወራል አልኩት። በዚህ ተጀመረ። እሱ ጴንጤ፣ እኔ ማተብ ያሰርኩ፤ በሃይማኖት ተጣልተን አናውቅም። በጊታር ግን ስንቴ ተኳርፈናል።

እንግሊዝኛ አላውቅም። እሱም ያን ያህል አያውቅም ነበር። መምህር ይስሐቅ ያውቃል፤ ይኸው ቆሟል፣ ይመስክር። አንድ ቀን በዓለም ሁሉ የተመሰገነ አልበም ነው ብሎ አመጣልን። ሰማን። ዘሩባቤል ቀና ብሎ አየውና፣ "ይስሐቅ፣ ጆሮህ ነው የወደደው ወይስ ሰው ስላመሰገነው?" አለው። ይስሐቅ አሰበ፣ አሰበና፣ እውነቱን ለመናገር መሀል ላይ እንቅልፍ ወስዶኛል አለ። "አሁን ሻይ ይገባሃል" አለው። እንዲህ ነበር ዘሩባቤል። ቡድኑ ምንም ይግነን፣ አልበሙ ካላማረው አላማረውም።

ከሁሉ የሚወደው አንድ ባንድ ነበር። እነሱ ደግሞ በኋላ ፀጉራቸውን ተቆረጡ፣ ቫዮሊን ጨመሩ፣ ዘፈኑን አለዘቡት። ዘሩባቤል ከዱን አለ። እንደ ወንድሞቹ ነበር የተቆጣቸው። እኔ ያንን አልበም ወደድኩት። በተለይ አንዷን ዝግ ያለች ዘፈን። እታፈራሁም፣ ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ፣ ቃሉን ሳታውቅ ታንጎራጉራት ነበር። እሱ ግን ሱቁ ውስጥ እንድትከፈት አይፈልግም።

እታፈራሁ ስትሞት ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ድንኳኑ ተነስቷል። ለቀስተኛው ተበትኗል። ቤቱ ጭር ብሏል። ከሰዓት በኋላ ቴፑን ተሸክሞ መጣ። ያቺን ዘፈን ከፈተ። እኔ አለቅሳለሁ፤ እሱ አቀርቅሮ ይሰማል። ስታልቅ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

"ጉልላት፣ ዛሬም አልወደድኳትም" አለኝ። "ልድገምልህ?"

ድገምልኝ አልኩት። ደገመልኝ። እስኪመሽ ደገመልኝ። እንዲያ ባለው ቀን ሰው ይዋሻል፤ ዘፈኗ ታምራለች ቢለኝ ምን ነበረበት? አላለም። የማይወዳትን ዘፈን አጠገቤ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚህ የሚበልጥ ወዳጅ አይታችኋል? እኔ አላየሁም።

ዘንድሮ ታመመ። ጉልበቱ ከዳው፣ ጆሮው ግን ያው ነበር። ልጁ በእምነት ከአዲስ አበባ አንድ አልበም በፍላሽ አመጣለት፤ ገና ጎረምሶች የሠሩት ሜታል ነው። አልጋው አጠገብ ሆነን ጀመርነው። ጣቱ ብርድ ልብሱ ላይ ከበሮውን ይከተላል። ግማሽ ላይ ደከመው። አጥፋው፣ ቀሪውን ነገ እንሰማዋለን አለኝ። እስካሁንስ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኩት። አልበም በግማሹ አይፈረድበትም አለ። በማግስቱ ስመጣ ቦሼ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊቷን አይቼ ገባኝ።

ዘሩ፣ ዛሬ ጠዋት ከቤት ሳትወጣ በእምነትን አስከፈትኩትና ቀሪውን ሰማሁት። ብቻዬን ሰማሁት። ሁለተኛው ግማሽ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ዘፋኙ ያው ይጮሃል። አንድ ቦታ ላይ ግን ከበሮው ቀጥ ይልና ጊታሩ ብቻውን ይሄዳል። እዚያ ጋ ቀና ብዬ ወደ አልጋህ አየሁ። ልማድ ነው። የመጨረሻው ዘፈን ደግሞ በጣም ረዝሟል። የእኔ ይሄ ነው። ያንተን ማን ይነግረኛል? ነገ ሥራ ስጀምር ከቆርቆሮው ማዶ ማን ነው "ተሳስተሃል" የሚለኝ? ሽማግሌ ነኝና ሰው ሁሉ አዎ አዎ ይለኛል። አንተ ብቻ ነበርክ አይደለም የምትለኝ።

ደህና ሁን፣ ዘሩባቤል። የመጨረሻው ዘፈን ረዝሟል ብያለሁ፤ ከቃሌ አልመለስም። አንተም እንደማትስማማ አውቃለሁ። ሂድ ወንድሜ፣ በሰላም ሂድ።