ላብ የተባለው ዘይት

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ሆስፒታል ስወጣ ደሜ ፈልቶ ነበር። ሰሊጥ ለማጨድ ከመተማ ቆላ የመጣው ዓለምነው ዳሌው ተሰብሮ ከተኛ ስምንት ቀኑ ነው። ወደ ቁረይሻ እርሻ ሲሄድ ከመኪና ላይ ወድቆ ነው። ስብራቱስ እግዜር ካለ ይጠገናል፤ እኔን ያንገበገበኝ የመኪናው ባለቤት ጋረደው «ዓረቄ ጠጥቶ ነው የወደቀ» ብሎ ማስወራቱ ነበር። በዚህ ወሬ የተነሣ የእርሻው ወኪል ስሙን ከሠራተኞች ዝርዝር ሰረዘው። አብሮት የመጣው የእናቱ ልጅ ስንሻው እንኳ አፍሮ አንድ ቀን ሄዶ አልጠየቀውም።

ወደ ቤቴ ሳመራ ያንኑ ጋረደውን ከዙሌካ ጋራዥ ደጃፍ ቆሞ ሲጮህ አገኘሁት። ስልሳን የተሻገረ፣ ግማሽ ዕድሜውን በዚህ መንገድ ላይ ያሳለፈ ሾፌር ነው። ቦክሲ የሚሏት የኋላዋ ክፍት መኪናው ክሪክ ላይ ተሰቅላለች፤ አሥር የሚሆኑ አጫጆች ጥቅላቸውን ይዘው ጥላ ሥር ይጠብቃሉ። ስንሻውም ከመካከላቸው ነበር።

«መምህር መልአኩ፣ እንኳን መጡልኝ!» አለኝ ጋረደው። «ይህችን ልጅ ይምከሩልኝ። ጎማ ለጥፊልኝ አልኋት እንጂ መኪናዬን መርምሪልኝ መቼ አልኋት? ቁልፌን ይዛ አልሰጥም አለች!»

ዙሌካ ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ የተሰደዱ፣ እሷ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ሰፈር ተወልዳ ኻርቱም የመካኒክ ትምህርት የተማረች ወጣት ናት። እዚያ ጦርነቱ ሲነሣ ወደዚህ ተመልሳ ጋራዥ ከፈተች።

«ወላሂ አልሰጥም፣ ያ ዓሚ» አለች እጇን እየጠረገች፤ አጎቴ ማለቷ ነው። «ይህ መኪና ሰው አይጭንም። አራቱም ሾክ አብዞርበር አልቀዋል።»

ለማያውቅ ላስረዳ። ሾክ አብዞርበር መኪና ጉድጓድ ሲገባ ባሌስትራው፣ ማለት ከሥር ያለው ተጣጣፊ ብረት፣ የሚያነሣውን ዝላይ በውስጡ ባለው ዘይት የሚያበርድ ቱቦ ነው። የጋረደው ደግሞ ቁጥር ያለው ዓይነት ነው፤ ጎኑ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ከአንድ እስከ ስምንት እያዞሩ ያላሉታል ወይም ያጠብቁታል።

«አልቀዋል?» ጋረደው ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ መኪናዬን እንደ በሬዬ ነው የማውቃት። በየዓመቱ መስቀል በዋለ ማግስት አንዳንድ ቁጥር አጠብቃቸዋለሁ። የዚህ መንገድ ሾፌር ሁሉ ደንቡ ይኸው ነው። ዘንድሮ ስምንት ገብተዋል። ከዚህ በላይ ምን ጥብቅ አለ?»

«ለከርሞ መስቀልስ ወዴት ሊያዞሩት ነው?»

«የከርሞውን እግዜር ያውቃል።»

«ይህ የሚንጠባጠበው ዘይትስ?»

«ላብ ነዋ! የሠራ ያልበዋል። የማያልበው ሠራተኛ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አጫጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «አቶ ጋረደው» አልሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ሰው ሰብረው እርስዎ ስለ ላብ ይቀልዳሉ?»

«ሰክሮ ለወደቀ እኔ ምን ላድርግ? እነዚህ ለምን አልወደቁም?»

ዙሌካ ወደ አጫጆቹ ዞረች። «ዓለምነው የወደቀበትን ቦይ ስትሻገሩ መኪናው ስንት ጊዜ ዘለለ?»

ስንሻው አንገቱን እንደደፋ መለሰ፤ «ሦስት ጊዜ። ወንድሜ በሦስተኛው ነው የተወረወረ።»

«ደህና ሾክ ቢሆን አንዴ ብቻ ዘሎ ይረጋ ነበር።»

«ስምንት ላይ ያለ ሾክ አይዘልም!» ጋረደው ጮኸ። «መሪው እጄ ላይ እኮ ምንም አልተለወጠብኝም!»

ይህን ሰው በቃል ማስረዳት ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ዙሌካ ገብቷታል መሰል፣ የኋላውን አንዱን ሾክ ፈትታ አወጣችና ሞርሳ በሚሉት የብረት መንከሻ ላይ አስራ አቆመችው። ማስተካከያውን አንድ ላይ አድርጋ «ይጫኑት» አለችው። ዘንጉ ሰተት ብሎ ወረደ። ስምንት ላይ አዞረችው። ጋረደው ሊያሸንፋት ፈልጎ በሁለት እጁ ቢጫን ዘንጉ ያንኑ ያህል ሰተት አለ፤ ሰውዬው በአፍንጫው ሊደፋ ምንም አልቀረው። ቀጥላ ከመደርደሪያዋ ያደሰችውን ሌላ አመጣች። አንድ ላይ ሲሆን ቀስ እያለ ወረደለት። ስምንት ላይ ሲሆን በደረቱ ተጋድሞበት እንኳ በጣር ነው የተንቀሳቀሰው።

ጋረደው እየደጋገመ ሞከረ። አራት ጊዜ ቆጠርሁ።

«ማስተካከያዋ የምታጠብበው ዘይቱ የሚያልፍባትን ቀዳዳ ነው» አለች ዙሌካ። «ዘይት ከሌለ ቀዳዳ ማጥበብ ምን ያደርጋል? የዚህ አገር ጥቁር ጭቃ ዘንጉ ላይ ደርቆ ዘይቱን የሚያግደውን ጎሚኒ ይበላዋል፤ በዚያ በኩል ዘይቱ ይወጣል። የቀረውም በሐሩሩ ይቀጥናል። እርስዎ አንድ ቁጥር ሲጨምሩ ድካሙ ለአንድ ዓመት ይሸፈናል እንጂ አይድንም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ስለሚደክም ደግሞ እጅዎ እየለመደው ሄደ።»

«ታዲያ ቁጥሩ ለምን ተሠራ?»

«ለጭነትና ለመንገድ ነው፣ ያ ዓሚ፤ ለእርጅና አይደለም። ዘይቱንና ጎሚኒውን ልቀይርልዎ፤ ሁለት ቀን ይበቃኛል።»

«ሁለት ቀን? ሰሊጡ ረገፈ በይኛ!»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። «የረገፈ ሰሊጥ ለከርሞ ይዘራል!» አልሁት። «የዓለምነው ዳሌ ይዘራል? ስሙስ? እኛ ሰው ሲወድቅ ሰውየውን እንከሳለን እንጂ የጣለውን ዕቃ አንመረምርም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ለመሆኑ ሲጠጣ በዓይንዎ አይተዋል?»

ጋረደው ዘይት የነካው እጁን ተመለከተ። «አላየሁም» አለ። «መኪናዬ ደህና ናት ብዬ ስለማምን፣ ሌላ ምን ሊጥለው ይችላል አልሁ።» ከዚያም ለዙሌካ «ፍቺያቸው፤ አራቱንም» አላት።

አንባቢዬ ጥቅሙን ይመዝን። ዛሬ ጋረደው መስቀልን አይጠብቅም። ከእርሻ በተመለሰ ቁጥር የዘንጉን ጭቃ በጨርቅ ይጠርጋል፤ ዘይት ያየ ዕለት ጋራዥ ይገባል። ቁጥሩን ሰው ሲጭን ከፍ፣ ባዶውን ሲመለስ ዝቅ ያደርጋል። ጎማው አይበላም፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ ከኋላ የተቀመጠውም ወገቡን ሳይዝ ይወርዳል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለውን ብሂል ስንቱ ሾፌር በቃሉ ያውቀዋል፤ የሚሠራበት ግን ጥቂት ነው። ይህ ሁሉ አንድ ሰው ሳይሰበር ሊሆን ይችል እንደ ነበር ሳስበው ዛሬም ይቆጨኛል።

ያን ዕለት ግን ሥራው ገና ነበር። ጋረደው ወደ አጫጆቹ ሄዶ ቆቡን አወለቀ።

«ስሙኝ፤ ዓለምነው አልጠጣም። እኔ ነኝ የጣልሁት። ለወኪሉም አሁኑኑ ሄጄ እነግረዋለሁ።»

የሳቀ አልነበረም። ስንሻው ጥቅሉን አንሥቶ ቆመ። የሚመታው መስሎኝ መሀል ልገባ ተጠጋሁ።

«ወኪሉ ይቆይ» አለ ስንሻው። «መጀመሪያ ሆስፒታል እንሂድ። እርስዎ ይቅደሙ፣ አያ ጋረደው። እርስዎ ያወሩትን እኔ ወንድሙ አምኜ ስምንት ቀን ሙሉ ውኃ እንኳ አላቀበልሁት፤ ብቻዬን ፊቱን ማየት አልችልም።»